ሲሞቅ

ጧት ጧት ሸጋ ነው፤ አንድ እርግጫ ይበቃዋል፣
የፍኖተ ሰላምን መውጫ እያንጎራጎረ ይፈጀዋል።
የወባ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበር፤ በጨረታ ነው የገዛሁት፣
ታንከሩ ላይ ያለውን ቁጥር ቀለም ሳልቀባ ተውኩት።
«ሠላሳ ሁለት» ይላል። ሠላሳ አንዱ ሞተው ይሆናል፣
እሱ ግን ብር ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ መርጫ ተሸክሞ አርጅቷል።

ግን ሲሞቅ።
ሲሞቅ ነው ጠባዩ የሚከፋው።
ማንኩሳን አልፈን፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የበርበሬው ማሳ ሲጀምር
መጀመሪያ እንደ ሰው ይስላል፤ ቀጥሎ በሦስተኛ ማርሽ መንገዳገድ፣
ጋዝ ስጨምርለት ይብስበታል፣
በማርሚታው በኩል አንድ ጊዜ ጧ! ብሎ
ዝም።
የጋለ ብረት ጠቅ ጠቅ ሲል ብቻ ይሰማል።

ከኋላዬ የታሰረው ሣጥን የከብት ክትባት ነው፣ በበረዶ፤
ቡሬ ሳልደርስ ከሟሟ ድካሜ ሁሉ ባዶ።
እሱ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፣ በረዶዬ እየሞቀ፤
እንዲህ ያለ ፍርድ የት አለ? አንዱ ሲድን አንዱ አለቀ።

ሽባባው «ካንዴላ ነው» አለ፤ ካንዴላ ቀየርን።
«ፑንቲና ነው» አለ፤ በምላጭ ፍቀን በሲጋራ ወረቀት ለካን።
«ቦቢናው ሲግል ይሰንፋል፣ የድሮ ዕቃ እንዲህ ነው» አለኝ፤
ከባሕር ዳር አስመጣሁ፤ የሁለት ወር ደሞዝ በላብኝ።
ካርቡራቶሩን አጠብን፤ ቀዳዳውን በፈረስ ጭራ ወጋን፤
ማርሚታውን እሳት ላይ ጥለን ጥቀርሻውን አራገፍን።
ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ያለው፣
«ጠበል ብንረጨውስ?» አለ። የቀረን እሱ ብቻ ነው።

የሚቆምበት ቦታ አይለወጥም፤ የአያ አንለይ አጥር ሥር።
ድምፁን ሲሰሙ በርጩማ ይዘው ይወጣሉ፣ ሁለት፤
አንዱን ለኔ።
ሣጥኑን ጥላ ውስጥ አስገብተው እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል።
«በሬም ሲሞቀው ይቆማል» ይሉኛል፣ «ጅራፍ አይረዳውም።»
ስለ መተከል ይጠይቁኛል፤ መተከልን አላውቀውም።
ልጃቸው ከሄደ ሦስት ዓመቱ። ሌላ አይሉም።
ሞተሩን በመዳፋቸው ጀርባ ይነኩታል፣ የታመመ ሕፃን እንደሚነካ፣
«በርዷል፤ በል ሂድ» ይሉኛል፤ በርጩማዎቹን ይዘው በዚያች በር ይገባሉ።

በየካቲት አንድ ቀን፣ ገና ሲስል፣ ቤንዚን አልቆ እንደሆን ብዬ
የታንከሩን ክዳን ከፈትኩት።
ፍስስስ አለ። አየር ወደ ውስጥ ሳበ፣
ረጅም ጊዜ ታፍኖ እንደቆየ ሰው።
ረገጥኩት። ተነሣ። በዚያው ግለቱ ተነሣ!

ያኔ ትዝ አለኝ።
ነሐሴ፣ ዝናቡ ታንከሩ ውስጥ ሲገባብኝ፣
የአውራ ጣት ታህል ሰም አቅልጬ
በክዳኑ ላይ ያለችውን፣ የመርፌ ዓይን የምታህለውን ቀዳዳ
የደፈንኳት እኔው ነኝ። ደፍኜ ረሳኋት።
ሙቀት አልነበረም ጠላቱ፤ ሲጠጣ መተንፈሻ አጥቶ ነው።
ሰሙን በእሾህ ነቅዬ ጣልኩት። ለሽባባው አልነገርኩትም፤
ቢሰማ ይስቃል፤ ገንዘቡን ግን አይመልስልኝም።

በማግሥቱ በማንኩሳ ሳልስል አለፍኩ።
(ሞተሩ ማለቴ ነው።)
በአያ አንለይ አጥር ሥር በሦስተኛ ማርሽ ስበር
አየኋቸው፤ ሁለቱን በርጩማ አንጠልጥለው ቆመዋል፤
አንዱን እጃቸውን ለሰላምታ ሊያነሡ ፈለጉ፣
በርጩማው ከለከላቸው።

ቡሬ ደረስኩ። በረዶው እንዳለ ነበር፤ ሁሉም አመሰገነኝ።
ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ
ጎንበስ ብዬ የቤንዚኑን መዝጊያ እዘጋለሁ።
በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረችው ከድልድዩ እስከ አጥሩ ትበቃለች፤
ይስላል፣ ይንገዳገዳል፣ ዝም።
«ዛሬም?» ይሉኛል።
«ዛሬም፣ አያ አንለይ። የድሮ ዕቃ አይደል?»
እቀመጣለሁ። ሣጥኑ ጆንያውን ይለብሳል።
ስነሣ መዝጊያውን መክፈቴን እንዳልረሳ እንጂ፣
ሌላ ምንም የሚያሳስበኝ የለም።